የወሎ አባቶች ያጡት ዘመቻ አይደለም፦ ስለ ፕሮስቴት ካንሰር ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ፕሮስቴት (ከወንዶች የሽንት ፊኛ ሥር ስላለችው እጢ) ካንሰርና ስለ መንግሥት ቸልተኝነት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከደሴ እስከ ወልድያ ብዙ ሰው ሲቀባበለው ሰንብቷል። ጸሐፊው አባታቸውን በዚህ በሽታ ማጣታቸውን ነግረውናል። ነፍሳቸውን ይማር፤ የጸሐፊው ቁጭት የእኔም ቁጭት ነው። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ሲጠቀለል እንዲህ ይላል፦ መንግሥት የካንሰር ሥራውን ሁሉ ለሴቶች ሰጥቶ ወንዱን ረስቶታል፤ ስለዚህ የክልሉ ጤና ቢሮ በየከተማው አደባባይ ድንኳን ተክሎ፣ ዕድሜው ከ40 ያለፈውን የወሎ ወንድ ሁሉ አንድ ጊዜ የፒኤስኤ የደም ምርመራ ያድርግለት፤ ደሴ ላይ የጨረር ሕክምና ማሽን እስካልቆመ ድረስ ሌላው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው፤ የጤና መድህን ስላለ ገንዘብ ሰበብ አይሆንም፤ ደግሞም ወንዱን የሚገድለው ሐፍረቱ ነው። በመጨረሻም ለጤና ቢሮው የሚቀርብ ፊርማ እንድናሰባስብ ይጠይቃሉ።

እኔ በደቡብ ወሎ ጤና ጣቢያዎች በጤና መኮንንነት ለዓመታት የሠራሁ ሰው ነኝ። መንግሥት ለዚህ በሽታ የሚገባውን አላደረገም በሚለው ከጸሐፊው ጋር አንድ ነኝ። የተጓደለው ነገር ግን እሳቸው ያሉት አይመስለኝም። አባቶቻችን "ሽንት አስቸገረኝ" ብለው በእግራቸው ይመጣሉ። ከመጡ በኋላ ነው ከጤና ጣቢያው በር እስከ ሕክምናው ባለው መንገድ ላይ የሚጠፉት። ፊርማ ከተሰበሰበ ለዚያ መንገድ ይሰብሰብ። የጸሐፊውን ነጥቦች እንደ ቅደም ተከተላቸው እየወሰድኩ ምላሼን ላቅርብ።

መጀመሪያ የሴቶቹ ጉዳይ። ጽሑፉ የማኅጸን በር ካንሰር ምርመራና ክትባት በየጤና ጣቢያው መኖሩን እንደ አድልዎ ቆጥሮታል። አገሪቱ የመጀመሪያውን ብሔራዊ የካንሰር መቆጣጠሪያ ዕቅድ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2020 ያለውን፣ ስታወጣ ለጡትና ለማኅጸን በር ካንሰር ቅድሚያ መስጠቷ እውነት ነው። ምክንያት ግን ነበራት። እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ካሰፈራቸው ሕሙማን ከሦስቱ ሁለቱ ሴቶች ነበሩ። የማኅጸን በር ካንሰር መነሻው የታወቀ ቫይረስ ነው፤ ክትባት አለው፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀምራለች። ምርመራውን አንዲት የሠለጠነች ነርስ በአሴቲክ አሲድ ታየዋለች፤ ገና ካንሰር ያልሆነውን ለውጥ እዚያው፣ በዕለቱ ማከም ይቻላል። ፕሮስቴት ክትባት የለውም፤ ገና ካንሰር ሳይሆን በጤና ጣቢያ ተገኝቶ በዕለቱ የሚታከም ደረጃም የለውም። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይቻልም። ለእናቶቻችን የተሠራው ከአባቶቻችን ተነጥቆ አይደለም፤ ባልና ሚስትን የሚያሻማ ነገር ሳይኖር ባናሻማቸው ጥሩ ነው።

ወደ ዋናው ልለፍ፤ ወደ ድንኳኑ።

ፒኤስኤ የፕሮስቴት እጢ የሚያመነጨው ፕሮቲን ነው። በደም ውስጥ ከፍ ብሎ ሲገኝ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ግን እጢው በዕድሜ ምክንያት ሲያብጥም ከፍ ይላል፤ ኢንፌክሽን ሲኖርም ከፍ ይላል፤ ሽንት ተዘግቶ ካቴተር፣ ማለትም ሽንት የሚያወጣ ቱቦ፣ ሲገባም ከፍ ይላል። ፒኤስኤያቸው ከፍ በማለቱ ከፕሮስቴታቸው ናሙና ከተወሰደላቸው ወንዶች መካከል ካንሰር የሚገኝባቸው ከአራቱ አንዱ ገደማ ናቸው። ሦስቱ በመርፌ ተወግተው፣ እንቅልፍ አጥተው፣ ገንዘብ አውጥተው "የለብህም" ይባላሉ። በአንጻሩ ፒኤስኤው ዝቅ ብሎ ካንሰር ያለበት ሰውም አለ፤ እሱ ከድንኳኑ "ነጻ ነህ" ተብሎ ይሸኛል፤ በኋላ ሽንቱ ሲያስቸግረው "ተመርምሬ የለም እንዴ?" ብሎ ቤቱ ይቀመጣል።

ጸሐፊው አንድ ጊዜ የሚደረግ ምርመራ ሕይወት ያድናል ብለው በእርግጠኝነት ጽፈዋል። ይህ ነገር በሚገባ ተፈትኗል። በብሪታኒያ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 69 የሆኑ ከ400 ሺህ በላይ ወንዶች የተካተቱበት ጥናት ነበር። አንዱ ወገን አንድ ጊዜ ለፒኤስኤ ምርመራ ተጠራ፤ ሌላው እንደ ወትሮው ኖረ። ከ15 ዓመት በኋላ ሲታይ በፕሮስቴት ካንሰር የሞቱት ከተጠሩት ወገን 0.69 በመቶ፣ ካልተጠሩት ደግሞ 0.78 በመቶ ነበሩ። ከ1,000 ሰው አንድ እንኳ የማይሞላ ልዩነት ነው። ይህም የሆነው ናሙና የሚወስድ፣ ናሙናውን የሚያነብ፣ ቀዶ ሕክምናና ጨረር የሚሰጥ ሆስፒታል በየአካባቢው ባለበት አገር ነው።

ምርመራው ጭራሽ ጥቅም የለውም አልልም፤ እንዲህ ማለትም ስህተት ነው። በአውሮፓ አገሮች በተደረገው ትልቁ ጥናት ወንዶቹ በየጊዜው እየተጠሩ ተመርምረው ለ23 ዓመት ሲከታተሏቸው፣ በዚህ ካንሰር የሚሞተው ሰው 13 በመቶ ቀንሷል፤ አንድ ሞት ለማስቀረት 456 ሰው ለምርመራ መጥራት አስፈልጓል። ይህ ውጤት የመጣው ዓመታትን በፈጀ ክትትል እንጂ በአንድ ቅዳሜ ድንኳን አይደለም። የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና ግብረ ኃይልም እ.ኤ.አ. በ2012 ለማንም አይደረግ ብሎ ነበር፤ በ2018 ደግሞ ከ55 እስከ 69 ያሉት ከሐኪማቸው ጋር ተመካክረው ይወስኑ፣ ከ70 በላይ ላሉት አይደረግ ብሏል። ሀብታሞቹ አገሮች እንዲህ እያመነቱ የሚያዩትን ነገር እኛ ከ40 ዓመት ጀምረን ለሁሉም እናድርግ ስንል የሚከተለውን አስቀድመን ማየት አለብን።

የሚከተለው ይህ ነው። ከድንኳኑ ወረቀት ይዞ የወጣው ሰው "ከፍ ብሏል" ተብሏል። እሱ የሚሰማው "ካንሰር አለብህ" የሚለውን ነው። ናሙና ለማስወሰድ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይላካል። እዚያ ከፕሮስቴቱ አሥር አሥራ ሁለት ቦታ በመርፌ ይወሰዳል፤ ያ ናሙና ፓቶሎጂስት፣ ማለትም ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚያነብ ሐኪም፣ ዘንድ ይሄዳል፤ ውጤቱ እስኪመጣ ይጠበቃል። አሁን እንኳ ሽንት ተዘግቶባቸው፣ ደም እየሸኑ ወረፋ የያዙ አባቶች አሉ። ድንኳኑ ምንም ሕመም የሌለባቸውን ሰዎች ሰልፍ ሙሉ አድርጎ ከእነሱ ፊት ያቆማል። የፕሮስቴት ካንሰር ብዙ ጊዜ አዝጋሚ ነው፤ ከእሱ ጋር ኖሮ በሌላ ምክንያት የሚሞት ሽማግሌ ብዙ ነው። ያንን ሰው ቀስቅሰን በሬውን አሸጥተን፣ ሽንት መቆጣጠር የማያስችል ወይም ወንድነቱን የሚጎዳ ሕክምና ውስጥ ልናስገባው እንችላለን።

ታዲያ ፒኤስኤ ለማን? የሽንት ችግር ላለበት፣ ደም ለሚሸና፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የወገብ ወይም የዳሌ አጥንት ሕመም ላለበት በዕድሜ ለገፋ ወንድ፤ ለእሱ ምርመራው ሕመሙን የማወቂያ መንገድ እንጂ ዘመቻ አይደለም። ደግሞም አባቱ ወይም ወንድሙ በዚህ በሽታ ለተያዘበት ሰው፤ የእሱ የመያዝ ዕድል ከሌላው በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ለጸሐፊው በግል የምለው አለኝ። ወንድሜ፣ አባትዎን በዚህ አጥተዋል፤ እርስዎና ወንድሞችዎ ዕድሜያችሁ ወደ 45 ሲጠጋ ሐኪም አማክሩ። ምርመራው ለእናንተ ከብዙ ሰው ይልቅ ትርጉም አለው።

አሁን ስለ መንገዱ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ጽሑፉ አንድ መስመር እንኳ አልሰጠውም።

ከደጋው የመጡ፣ ስድሳዎቹን ያጋመሱ ገበሬ ነበሩ። ሌሊት አምስት ስድስት ጊዜ መነሣት ሲጀምሩ "ብርድ ነው" ተባሉ። ሽንታቸው እየቀጠነ ሲሄድ "እርጅና ነው" ተባሉ። አንድ ሌሊት ጨርሶ ተዘጋባቸው፤ ሆዳቸው ተወጥሮ፣ በቃሬዛ መጥተው ካቴተር ሲገባላቸው ያሰሙት የእፎይታ ድምፅ አይረሳኝም። ሪፈር ተጻፈላቸው። የተላኩበት ሆስፒታል ቀጠሮ ሰጣቸው፤ ቀጠሮው ሲደርስ አልትራሳውንድ ተነሥተው "እጢ አለ" ተባሉ፤ ፒኤስኤውን ውጭ አሠሩ፤ ለናሙና ሌላ ቦታ ተጻፈላቸው። ለዚያኛው ቦታ ገንዘብ እስኪገኝ ደግሞ መኸር መድረስ ነበረበት።

በዚህ መካከል ካቴተር ለማስቀየር እኛው ጋ ይመላለሱ ነበር። የሽንት ከረጢቱን በሲባጎ ከወገባቸው አስረው ጋቢ ያለብሱታል። ሲቀመጡ እንዳይጎትታቸው በግራ እጃቸው ከጋቢው ሥር ይደግፉታል፤ ሻይ ሲጠጡም፣ ከሰው ጋር ሲያወሩም ያች እጅ አትወጣም። የሪፈር ወረቀቶቹን ከጤና መድህን ካርዳቸው ጋር በላስቲክ ጠቅልለው ደረታቸው ውስጥ ይይዙ ነበር። አንድ ቀን አንድ በአንድ ዘረጋኋቸው። ሁሉም "ለተሻለ ምርመራና ሕክምና" ይላሉ። በፊንጢጣ ጣቴን አስገብቼ ፕሮስቴታቸውን ዳሰስኩት የሚል ሐኪም በአንዱም ወረቀት ላይ የለም። ያ ምርመራ ጓንትና ቅባት ይፈልጋል፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ጠጣር የሆነ፣ እባጭ ያለበት ፕሮስቴት ለሠለጠነ ጣት ይታወቃል።

ወገባቸውንም ያማቸው ነበር። ወጌሻ ዘንድ ሄደው ታሽተዋል፤ በኋላም መርፌ ተወግተዋል። የፕሮስቴት ካንሰር መጀመሪያ ከሚሄድባቸው ቦታዎች አንዱ አጥንት ነው፤ በተለይ አከርካሪና ዳሌ። የሽንቱን ነገር አንዱ፣ የወገቡን ነገር ሌላው ስላየው ሁለቱን አንድ ላይ ያሰበ ሰው አልነበረም። አንድ ጠዋት እግራቸው አልታዘዝ አለ። እንዲህ ሲሆን ካንሰሩ ኅብለ ሠረሰርን እየተጫነ ነው ማለት ነው፤ ሕክምናው በሰዓታት የሚቆጠር ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ሲደርሱ ግን ቀናት አልፈው ነበር። ከዚያ በኋላ አልተራመዱም።

እንግዲህ ጸሐፊው የሚሉት ድንኳን ለእኚህ አባት ምን ያደርግላቸዋል? እሳቸው እኮ መጥተዋል። ደጋግመው መጥተዋል። የጎደለው የሚያያቸው ሥርዓት ነው፤ ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈ ወንዶች የሽንት ችግር ብለው ሲመጡ በየጤና ጣቢያው ምን እንደሚደረግ በአንድ ገጽ የተጻፈ መመሪያ፣ ጣት የማስገባት ምርመራ የሚችል ባለሙያ፣ ሽንትና ወገብ አብረው ሲያሙ ሳይዘገይ የሚያስቸኩል ሪፈር፣ እግር ሲዝል ደግሞ አምቡላንስ። ይህ ከድንኳን ይረክሳል። ከድንኳን የሚያንሰው ለፎቶ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ የጨረር ማሽኑ ነው። ደሴ የጨረር ሕክምና ይገባታል፤ ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከላስታና ከዋግ በኩል ለሚመጣው ደግሞ ይብሳል። ጥቁር አንበሳ ከሃያ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ለአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል ሆኖ ሲሠራ ወረፋው ወራት ይፈጅ እንደነበር የታመመ ሰው ያስታመመ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ጅማና ሐረር ላይ መከፈቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ወሎም ይጠይቅ። የማልስማማው "እስከዚያ ድረስ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው" በሚለው ነው። ይህ አባባል ማሽን እስኪመጣ እጃችንን አጣጥፈን እንድንቀመጥ ይፈቅድልናል።

የፕሮስቴት ካንሰር የሚመገበው በወንድ ሆርሞን ነው። ቻርልስ ሀጊንስ የተባለው ሐኪም ይህንን እ.ኤ.አ. በ1941 አሳይቶ በ1966 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ያ ሆርሞን ከተቀነሰ የተሠራጨው ካንሰር እንኳ ለወራት፣ ለብዙዎችም ለዓመታት ይረግባል፤ የአጥንቱ ሕመም ቀለል ይላል፤ ሰው ከአልጋው ተነሥቶ ደጁ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ሆርሞኑን ለመቀነስ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ የሚሰጥ መርፌ ነው፤ ውድ ነው፤ መቋረጥም የለበትም። ሁለተኛው የዘር ፍሬን የሚያወጣ ትንሽ ቀዶ ሕክምና ነው፤ አንዴ ተሠርቶ ያበቃል፤ ማሽን አይፈልግም፤ ቀዶ ሐኪም ባለበት ማንኛውም ሆስፒታል ሊሠራ ይችላል። ለወንድ ልጅ ከባድ ቃል መሆኑን አውቃለሁ። ግን ተቀምጦ በእርጋታ፣ ሚስቱም ባለችበት ሲነገረው ብዙ ሰው ይቀበለዋል፤ የማይቀበለው በኮሪደር ላይ ቆሞ ሲነገረው ነው። ይህንን አማራጭ ጨርሶ ሳይሰሙ "ጨረር የለም" ተብለው ወደ ቤታቸው የተመለሱ ሰዎች አይቻለሁ። አጥንት ድረስ የደረሰ ሕመም ላለበት ደግሞ የሚዋጥ ሞርፊን አለ። ዋጋው ትንሽ ነው። እሱን በየሆስፒታሉ ማኖር የመንግሥት ግዴታ ነው፤ ማንም አባት እየጮኸ መሞት የለበትም።

ማሽን ብቻ ስንል የምንረሳው ሌላም ነገር አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሆስፒታል ዕቃ ተዘርፎና ተሰባብሮ ሲቀር፣ ሆስፒታሉን ዳግም ያስነሡት ከስደት የተመለሱት ባለሙያዎች ነበሩ። ሰው ላይ የፈሰሰ ገንዘብ በመኪና ተጭኖ አይሄድም። ደሴ መጀመሪያ በቂ ዩሮሎጂስት (የሽንት አካላት ሐኪም) እና ፓቶሎጂስት ይኑራት፤ ማሽኑም ሲመጣ የሚያሠራው ሰው ያገኛል።

ስለ ጤና መድህን የተባለውን በከፊል እቀበላለሁ። ወሎ በዚህ ቀዳሚ ናት፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን እ.ኤ.አ. በ2011 በአገር ደረጃ ሲሞከር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ ተሁለደሬ ነበር። ሐይቅ ገበያ ላይ ካርዱን እንደ መታወቂያ ይዞ የሚሄድ ገበሬ ማየት ያኮራል። ካርዱ ካርድ ያስወጣል፣ ያስተኛል፣ ሆስፒታሉ ውስጥ ያለውን መድኃኒት ያሰጣል። ችግሩ "ያለውን" የሚለው ላይ ነው። መድኃኒቱ በሆስፒታሉ ፋርማሲ ከሌለ ከውጭ በኪስ ነው። ናሙናው እዚያ ካልተነበበ በኪስ ነው። የአውቶቡሱ ቲኬት፣ የአስታማሚው ምግብ፣ የአልጋው ኪራይ ሁሉ በኪስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 አቢራቴሮን የተባለውን የፕሮስቴት ካንሰር መድኃኒት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፤ ዝርዝሩ ውስጥ መግባቱ ግን መድኃኒቱን ደሴ መደርደሪያ ላይ አያስቀምጠውም። ገንዘብ ሰበብ አይሆንም ማለት የሚችለው በሬውን ሸጦ አዲስ አበባ ደርሶ "መድኃኒቱ አልቋል" ያልተባለ ሰው ነው። ይህን የምለው ጸሐፊውን ለመውቀስ አይደለም፤ የካርዱን ጥቅም ሲያጋንኑ ቢሮው "መድህን አለ እኮ" ብሎ እንዲያመልጥ በር ይከፍቱለታል።

የመጨረሻው የሐፍረት ነገር ነው። ጸሐፊው የወሎ ወንድ ሐፍረት ገደለው ብለዋል። ሐፍረት የለም አልልም። ግን እስቲ ይህ ሰው ለማን ይንገር? የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ እናቶችንና ሕፃናትን የታደገ ትልቅ ሥራ ነው። ባለሙያዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ሥራቸውም በአብዛኛው የእናትና የልጅ፣ የንጽሕናና የተላላፊ በሽታ ነው። ሰባ ዓመት የሞላቸው ሸህ ወይም መምሬ የልጅ ልጃቸው ለምትሆን ልጅ ስለ ሽንታቸው እንዲነግሩ የሚጠብቅ አሠራር ዘርግተን፣ ሳይነግሩ ሲቀሩ ባህላቸውን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ለደም ግፊት ጤና ጣቢያ የመጡ አባት ከ50 ዓመት በላይ ከሆኑ ወንድ ነርስ ለብቻቸው "ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሣሉ? ሽንት ሲጀምሩ ይቆያል? ደም አይተው ያውቃሉ? ወገብዎን ያምዎታል?" ብሎ ቢጠይቅ ይመልሳሉ። እኔ ስጠይቅ የከለከለኝ የለም። "እንዴት አወቅህ?" ብለው የሳቁ ግን ብዙ ናቸው።

ደግሞ ሰውን ቤቱ የሚያስቀምጠው ሐፍረት ብቻ አይደለም። ሽንቱ የሚያንጠባጥብ፣ ወይም ከረጢት የታሰረለት ሰው "ውዱዬ አይጸናም" ብሎ መስጊድ ይቀራል። ክርስቲያኑም "ንጹሕ አይደለሁም" ብሎ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ውጭ ቆሞ ይመለሳል። ጁምዓ ያጣ ሰው ሰው ያጣል፤ ከቅሬውም፣ ማለትም ከዕድሩ፣ ይርቃል፤ ያኔ ሕመሙን የሚያይለት የለም። ሸሆቻችን ግን መልሱን ያውቁታል፤ ሽንቱን መያዝ ያልቻለ ሰው ለየሶላቱ ወቅት ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል፤ ቄሶቻችንም በሕመም የመጣን ነገር እንደ በደል አይቆጥሩም። ይህንን አንድ ሸህ ከጁምዓ በኋላ፣ አንድ ቄስ ከቅዳሴ በኋላ ቢናገሩት፣ የቅሬው ዳኛም በስብሰባው ላይ ቢያነሣው ከመቶ ፖስተር ይበልጣል። በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ የሚቀባበሩበት ሰፈር ሞልቷል። ጤና ቢሮው ይህን መንገድ ለክትባትና ለኮሮና ተጠቅሞበታል፤ ለአባቶች የማይጠቀምበት ምክንያት የለም።

ወደ ፊርማው ልመለስ። አሁን ባለው አጻጻፉ አልፈርምም። ጸሐፊው ድንኳኑን አውጥተው ይህን ቢያስገቡበት ግን ራሴ ይዤው እዞራለሁ፦ በእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ቢያንስ አንድ ባለሙያ ፕሮስቴትን በጣት መመርመር ይሠልጥን፤ ፒኤስኤ ምልክት ላለባቸው ሰዎች በመንግሥት ሆስፒታል ላብራቶሪ በመድህን ካርድ ይሠራ፤ የሆርሞን መድኃኒትና የሚዋጥ ሞርፊን በደሴና በወልድያ ሆስፒታሎች ሳያቋርጥ ይገኝ፤ ካቴተር ያለበት ሰው በየስንት ጊዜው የት እንደሚቀይር በካርዱ ላይ ይጻፍለት። ከሁሉም በላይ የናሙናው ነገር ይስተካከል። ከፕሮስቴት የተወሰደ ናሙና በፎርማሊን ጠርሙስ ውስጥ ለቀናት ሳይበላሽ ይቆያል፤ ከደሴ የሚነሣ የመንግሥት መኪና በሳምንት አንድ ቀን የሁሉንም ጠርሙስ አንድ ላይ ይዞ አዲስ አበባ ማድረስ ይችላል፤ ውጤቱ በስልክ ይመጣል። ጠርሙሱ ይሂድ፤ ከረጢት በጋቢው የያዘው አባት 400 ኪሎ ሜትር አይሂድ።